ሠርገኛ የጠራው ደወል

በዳንግላ ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ለብዙ ዘመን ተማሪ ሲያስገባና ሲያስወጣ የኖረው ደወል የከባድ መኪና ቸርኬ ነበረ። ከዋንዛው ቅርንጫፍ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በብረት ዘንግ ሲመቱት፣ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። በኅዳር ግን ቸርኬው ተሰነጠቀና ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ ሆነ። ርእሰ መምህሩ አቶ ይኸነው በዚህ ነገር እጅግ አዘኑ፤ የተሰነጠቀ ደወል፣ ቃሉን እንደማይጠብቅ ሽማግሌ፣ ሰሚ የለውምና። ከወላጆች ጋር መክረው በሜዳው ዙሪያ ድምፅ ማጉያ አሰቀሉ። ማጉያው ተሰቀለ፤ የሚናገረው ግን ገና አልተገኘም ነበር።

ይህን ጊዜ ነው የኮምፒውተር መምህርቷ ነኢማ ወደ ቢሯቸው የገባችው። ነኢማ የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ ከቢር በገበያው መግቢያ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የታወቁ ነጋዴ ናቸው። እንጅባራ ሄዳ የተማረችው የኮምፒውተር ሳይንስ ቢሆንም፣ ልቧ ያረፈው በኮምፒውተር ዜማ በመድረስ ላይ ነበር። ትምህርት ከተጀመረ አንሥቶም አንዲት ነገር ስትለምን ከርማለች፤ የኮምፒውተሩ ክፍል ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ ከሚውል፣ ዜማ መድረስ ለሚሹ ተማሪዎች ይከፈትላቸው ትል ነበር። የሚሹም ነበሩ። ከሁሉ የባሰበት ጎሹ ነው፤ ከአዘና ገጠር መጥቶ በከተማው ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ፉጨቱ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

«ጋሼ፣ ለድምፅ ማጉያው ዜማ ልሥራለት» አለች ነኢማ።

አቶ ይኸነው መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን የሚያወልቁት ሊቆጡ ሲሉ ነው።

«የጠፋብን ደወል ነው እንጂ ዘፋኝ መች አጣን?»

«ደወልም እኮ ዜማ ነው ጋሼ። አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ነው እንጂ።»

«አንድ ድምፅ ያለው ነገር ደግ ነው። አይለዋወጥም።»

«አይለዋወጥም፤ ይሰነጠቃል።»

ንግግሩ ድፍረት ቢጤ ነበረበት፤ እውነትም ስለ ነበረበት አቶ ይኸነው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እንግዲያው ስሚ። ዜማሽ ተማሪውን ያለ ፊሽካና ያለ አርጩሜ ከሜዳ ወደ ክፍል ካስገባልኝ፣ የምትለምኚኝን ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እከፍትልሻለሁ። ካላስገባ ግን ይህን ነገር ደግመሽ አታነሺብኝም። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

እሑድ ከሰዓት ነኢማ ላፕቶፗንና ትንሿን ኪቦርዷን ይዛ ወደ አባቷ ሱቅ ጓዳ ገባች። ጓዳው እስከ ጣሪያው በጣቃ ጨርቅ የተሞላ ነው። ጨርቅ የገደል ማሚቶን ይውጣል፤ ስለዚህ ድምፅ ሳያስተጋባ ጥርት ብሎ የሚሰማበት፣ ለዜማ ሥራ የተመቸ ቦታ ነበረ።

የኮምፒውተር ዜማ አሠራር ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ እንደ መሰላል ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ ጊዜ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዜማ ደራሲው በዚያ መሰላል ላይ ባለቀለም መስመሮች ያኖራል፤ ረጅሙ መስመር ረጅም ድምፅ፣ አጭሩ አጭር ድምፅ ነው። ያልተወደደው ይሰረዛል፤ ያለቦታው የገባው ተስቦ ወደ ቦታው ይሄዳል። ከዚህም በላይ ቅኝት የሚቆልፍ መሣሪያ አለ፤ የተፈለጉት አምስት ድምፆች ብቻ ክፍት ሆነው የቀሩት ስለሚዘጉ፣ እጅ ቢስት እንኳ ከቅኝቱ አይወጣም። በዚህ የተነሣ ሥራው ቀላል ይመስላል። ቀላል ግን አይደለም፤ ብዕር ለሁሉም ይሸጣል፣ ቁም ነገር ግን ከብዕሩ ጋር አይሸጥም።

መጀመሪያ የዜማ ፕሮግራሙ ራሱ ዜማ የሚያወጣበትን ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው አወጣላት፤ ደግማ ብትጫነው ሌላ አወጣ። ሁሉም ስሕተት የሌለባቸው ነበሩ፤ አንዱም ግን ቁም ነገር አልነበረውም። ሐሳብ ሳይኖረው በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ይመስል ነበር። እርሱን ትታ በራሷ ጀመረች። አጭር ሐረግ ሠራች፤ ደገመቻት፤ በድጋሚው መጨረሻዋን ለወጥ አደረገች፤ ከዚያም አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻት። ዜማ የሚያድገው እንዲህ ነው፤ ሰሚው የሚያውቀውን ሰምቶ ሲረጋጋ ትንሽ አዲስ ነገር ይጨመርለታል።

በትዝታ ቅኝት ሞከረችው። መልካም ነበር፤ ነገር ግን በትዝታ ወደ ሒሳብ ክፍል የተጠራ ተማሪ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማልቀሱ አይቀርም። በባቲ ሞከረችው፤ ለጊዜው አልጣማትም። በመጨረሻ አንቺ ሆዬ ቅኝትን ስትከፍት፣ እጇ መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ሮጠ። ይህ ቅኝት የሠርግ ዘፈን የሚወደው መሆኑን በመጽሐፍ አንብባለች። «የመሣሪያውን ድምፅ ብለውጠው ማን ያውቀዋል?» አለች በልቧ። ስለዚህ የክራርና የመሰንቆ ድምፅ ትታ፣ እንደ ብርጭቆ የሚጠራ የሲንተሳይዘር ድምፅ መረጠች። አንዳንዱን ድምፅ፣ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው የኪቦርዱ መዘውር ለስለስ አድርጋ አጠፈችው። ለእግርም መንቀሳቀሻ ይሆናል ብላ ከሥሩ ጭብጨባ አስገባች። አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ አዲስ ሰው ይሆናል ብሎ ማሰብ የወጣትነት ስሕተት ነው።

በዚህ መካከል አክስቷ ሀሊሜ ጣቃ ሊወስዱ ገቡና ቆም ብለው አዳመጡ።

«ማን ሊያገባ ነው?» አሉ።

ነኢማ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሀሊሜም ይህን ጥያቄ በአንድ መልክ ወይም በሌላ ሳይጠይቁ የዋሉበት ሳምንት የለም።

«አክስቴ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይህን ነገር ዛሬ ይተዉኝ።»

«ምን አልኩ? የሰማሁትን ነው የጠየቅሁት!» አሉ ሀሊሜ፤ ጣቃቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ትከሻቸውን በዜማው እያወዛወዙ ወጡ። ነኢማ ዓይኗ ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ስለ ነበረ ጀርባቸውን አላየችም። ብታየው ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ሙከራው በአንድ ሐሙስ የረፍት ሰዓት ላይ ሆነ። ወሩም ጥር ነበር፤ እህል ተወቅቶ የገባበት፣ ሠርግ በሠርግ ላይ የሚደራረብበት ወር። ነኢማ በኮምፒውተሩ ክፍል መስኮት አጠገብ ላፕቶፗን ከማጉያው ጋር አገናኝታ ተቀመጠች። አቶ ይኸነው በቢሯቸው በረንዳ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ረፍቱ ሲያበቃ ቁልፉን ተጫነች።

መጀመሪያ ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። ኳሱ ብቻውን ተንከባሎ አጥሩ ሥር ቆመ፤ ራሶች ሁሉ ወደ ማጉያው ዞሩ። ሁለተኛው ሐረግ ሲመጣ አንዳንዶች ወደ ክፍሎቹ መራመድ ጀመሩ፤ የአቶ ይኸነውም ፊት ፈታ አለ። በሦስተኛው ሐረግ ላይ ጭብጨባው ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። አንዲት ልጅ አጨበጨበች፤ ጓደኛዋ ተቀበለቻት፤ ከመረብ ኳሱ ሜዳ በኩል እልልታ ተነሣ። ጎሹ መሐል ገብቶ ዜማውን በፉጨት ያዘው፤ የገጠሮቹ ልጆች በአገውኛ ግጥም አወጡለት፤ የከተሞቹ በአማርኛ ተቀበሉ። ክብ ተሠራ፤ ትከሻ ተናወጠ። ወደ ክፍል መራመድ የጀመሩትም ሳይቀሩ ተመለሱ።

ነኢማ ይህን ጊዜ ዜማውን ማጥፋት ነበረባት። ጣቷም ከቁልፉ ላይ ነበር። ነገር ግን በጣቃዎች መካከል ብቻዋን ተቀምጣ የሠራቻት ያቺ ሐረግ በዚያ ሁሉ አፍ ስትዜም አየች፤ ደስታም እጇን ያዘው። «አንድ ዙር ብቻ» አለች። ሰው ከግዴታው የሚወጣው ብዙ ጊዜ በትልቅ ክፋት አይደለም፤ በአንድ ዙር ነው።

በዚያች ዙር መካከል አበባ የተሰካበት ሚኒባስ፣ ባጃጆች አስከትሎ በአስፋልቱ ላይ ብቅ አለ። ሙሽራ ሊወስዱ ከአዲስ ቅዳም የመጡ ሠርገኞች ነበሩ። የሙሽራዋን ቤት አያውቁትም፤ መንገድ የጠየቁት ሰው «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ዘፈኑን ተከትላችሁ ሂዱ» ብሏቸዋል። እነርሱም ዘፈኑን ተከትለው በትምህርት ቤቱ በር ታጠፉ።

በአገሩ ልማድ ሠርገኛ ዝም ብሎ አይገባም። የሙሽራዋ ወገን ደጃፍ ላይ ተሰልፎ በዘፈን ይከለክላል፤ ሚዜዎች ይለምናሉ፤ ሲበቃ በሩ ይለቀቃል። ተማሪዎቹ ይህን ሥርዓት በየጎረቤታቸው ሲያዩ ያደጉ ናቸውና፣ ሚኒባሱን ገና ሲያዩ ክቡን አፍርሰው በሩ ላይ ተደረደሩ።

ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ወረዱ።

«እባካችሁ ልጆች፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣነው!» አለ አንደኛው ላቡን እየጠረገ።

«አዲስ ቅዳም ሩቅ ነው እንዴ?» አለ ጎሹ፤ «ከሰላችሁ እንኳ ለገበያ በየቀኑ ይደርስ የለም!»

«ሽቶ ይዘናል! ሽቶ እንረጫለን!»

«ለራስህ ተረጨው፤ ያስፈልግሃል!» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ፤ ሜዳውም በሳቅ ተናወጠ።

የሙሽራው አጎት ሀይለመለኮት፣ ጋቢ የደረቡ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ፣ ነገሩን በትዕግሥት ሊጨርሱት ወርደው ሲቀርቡ፣ አቶ ይኸነው ሰልፉን ሰንጥቀው ደረሱ።

«ምንድን ነው ይህ?»

«የሙሽራዋ አባት እርስዎ ነዎት?» አሉ ሀይለመለኮት ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ እየነሡ። «እግዜር ያክብርልን። ልጆችዎ ጠነከሩብን።»

«የምን ሙሽራ? ከዚህ ግቢ የሚወጣው ምሩቅ እንጂ ሙሽራ አይደለም! ይህ ትምህርት ቤት ነው!»

ሀይለመለኮት ሰንደቅ ዓላማውን አዩ፤ ክፍሎቹን አዩ፤ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱትን ከልካዮች ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«እኔ ደግሞ ለሠርጉ ብለው ደንብ ልብስ ያሰፉ ምን ዓይነት ብርቱ ዘመዶች ናቸው ስል ነበር» አሉ።

አቶ ይኸነው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን አልሳቁም። ዜማውም ያን ጊዜ ቆመ። ሠርገኞቹ መንገዱ ተነግሯቸው ሄዱ፤ ተማሪዎቹ በፊሽካና በአርጩሜ ገቡ፤ የገቡትም የክፍለ ጊዜው እኩሌታ ካለፈ በኋላ ነበር።

«ዜማሽ ይጠራል» አሉ አቶ ይኸነው፣ ነኢማ ቢሯቸው ስትቀርብ። «እስከ አዲስ ቅዳም ይጠራል። ግን ወደ ክፍል የገባ ተማሪ አየሽ?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«ማጥፋትስ አትችዪም ነበር?»

ኮምፒውተሩ እንቢ አለኝ ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። «እችል ነበር» አለች፤ «ደስ ስላለኝ አላጠፋሁትም።»



«እውነቱን መናገርሽ ያስከብርሻል። ቃላችን ግን ቃል ነው።»

«ቃል ነው ጋሼ» ብላ ወጣች። ጎሹና ጓደኞቹ ደጅ ቆመው ይጠብቋት ነበር፤ ፊቷን አይተው ሳይጠይቋት ተበተኑ።

ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ሱቅ ደርሷል። አባቷ ክንድ መለካት አቅቷቸው መቀሱን አስቀምጠው ይስቃሉ።

«ማን ሊያገባ ነው ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?» አሉ ሀሊሜ።

«እኔን የሚሉኝ መስሎኝ ነው አክስቴ።»

«አንቺማ መች አስበሽ! ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲዳር ብቻሽን ቀረሽ!»

ነኢማ ሳትወድ ሳቀች፤ ከሳቀችም በኋላ ቀለል አላት። ጓዳ ገብታ ዜማዋን እንደ ሌላ ሰው ሥራ መረመረችው። ጭብጨባው ጥፋት መሆኑ ግልጽ ነበር፤ ከጭብጨባው የከፋ ግን ሌላ አገኘች። እያንዳንዱ ሐረግ ወጣ ገባ ብሎ በመጨረሻ ወደ መነሻው ወፍራም ድምፅ ይመለስና ያርፋል። ሰሚው በቆመበት ያርፋል ማለት ነው። ያረፈን ሰው ደግሞ ወዲያ ሂድ ቢሉት ለምን ይሄዳል? ይህን ካወቀች በኋላ ላፕቶፑን ዘጋችው። ደግማ ላታነሣው ቃል ገብታለችና።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይኸነው ራሳቸው አስጠሯት። ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር።

«አታንሺብኝ ያልኩት አንቺን ነው። እኔ አላነሣም አላልኩም» አሉ። «ይህን ፊሽካ ስነፋ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ራሱን የሚያዞርልኝ ግን የለም። ያን ዕለት ሜዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲዞር አይቻለሁ። ይህን ያህል የሚጠራ ነገር መንገዱን ብቻ ከሳተ፣ ማረም ነው እንጂ መጣል ተገቢ አይደለም። አንድ ጊዜ ሞክሪ። ጭብጨባ የለም።»

«ጭብጨባ የለም ጋሼ።»

በዚያ ሳምንት ነኢማ ጎሹንና የክፍል ጓደኛውን እንቁን በረፍት ሰዓት እያስቀመጠች ሠራች። ቅኝቱን ወደ ባቲ ለወጠች፤ ያልጣማት ቅኝት አሁን ጥድፊያ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ከምትጨምረው ይልቅ የምታወጣው በዛ። በሐረጎቹ መካከል ትንፋሽ የምታህል ባዶ ቦታ ተወች። የመጨረሻውን ሐረግ ወደ ላይ አውጥታ፣ ሊወርድ ሲል የቀሩትን ድምፆች ሰረዘቻቸው፤ ከዚያ አሰማቻቸው።

«ቲቸር፣ ተቆረጠ እኮ!» አለች እንቁ።

«አልተቆረጠም።»

«ኧረ ጨርሺው!» አለ ጎሹ፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው ይመስል ተቁነጠነጠ። ደግማ ብታሰማው መታገሥ አቃተው፤ የጎደለውን ራሱ አዚሞ ወደ መነሻው አወረደውና ተነፈሰ።

ነኢማ ያዜመውን በጥንቃቄ ሰማችው። በኮምፒውተሩ ላይ ግን አልጻፈችውም።

«ይህ ማሳረፊያ የእናንተ ነው» አለች። «ማሽኑ አያዜመውም።»

«የት ነው የምናዜመው ታዲያ?»

«ክፍል ውስጥ።»

እንቁ ቶሎ ገባት፤ ሳቀች። «ያልገባ አያርፍማ!»

አቶ ይኸነው ሐሳቡን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ጠይቀው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ተማሪዎቹ በሰልፍ ላይ ማሳረፊያውን ተለማመዱ፤ ከዚያም እርሳቸው ደንቡን ተናገሩ።

«ማሳረፊያው የሚዜመው በየክፍሉ ውስጥ፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው። ቆሞ የሚያዜም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሥርዓት የለውም!»

ረፍቱ አልቆ ዜማው ከማጉያው ሲወጣ፣ ሜዳው እንደ መጀመሪያው ቀን ዝም አለ፤ ራሶች ዞሩ። ሐረጉ ወደ ላይ ወጣ፤ ሳያርፍም አየር ላይ ቀረ። እግሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሐረጉ ተመለሰ፤ አሁንም ሳያርፍ ቀረ። ከዘጠነኛ ክፍሎች አንዱ ቀድሞ ተቀመጠና ማሳረፊያው በመስኮቶቹ ወጣ። ሌላው ሲያርፍ እየሰሙ እንደ መቅረት የሚያናድድ ነገር የለም፤ ቧንቧው ዘንድ ይጠጡ የነበሩት አፋቸውን ሳይጠርጉ ሮጡ። አንድ ክፍል አዜመ፤ ቀጥሎ ሁለት ባንድነት። የጎሹ ክፍል የመጨረሻ ስለ ሆነ ከጎረቤት መስኮት «ሠርገኞች! ሠርገኞች!» ተባለ፤ እነርሱም ተቀምጠው፣ ከሁሉ አብልጠው እየጮኹ አሳረፉት።

ሜዳው ባዶ ሆነ። ከአቶ ይኸነው በቀር ማንም አልነበረበትም። ፊሽካው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ነኢማ ልታጠፋው ስትል ዜማው የመጨረሻ ዙሩን ጨርሶ ጫፉ ላይ ቆመ። ክፍሎቹ ሁሉ ድርሻቸውን አዚመው ዝም ብለዋል። አቶ ይኸነው ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ዘጉት። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያም ኮታቸውን አስተካክለው፣ ርእሰ መምህር አይሮጥምና ሳይሮጡ፣ ነገር ግን ከወትሮው ፈጠን ባለ እርምጃ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ቢሮው ከኮምፒውተሩ ክፍል የሚለየው በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ነኢማ በሩ ሲዘጋ ሰማች፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች፤ ቀጥሎም ከቅኝቱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ጎርናና፣ የታፈነ ድምፅ ማሳረፊያውን እስከ መጨረሻው ሲያዜም ሰማች።



«መምህርት ነኢማ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉን ክፈቺላቸው» አሉ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ።

ነኢማ በግድግዳው በኩል አመሰገነቻቸው። ወዲያውም ገመዱን ነቅላ ላፕቶፗን አነሣች፤ የራሷ ተማሪዎች ተቀምጠው ይጠብቋት ነበርና ወደ ክፍል ገባች።